የተኙት 2,000 ትሬዶች የት ናቸው?

ጥያቄ፦ በሊኑክስ ላይ የሚሠራ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ፕሮግራም አለን። አራት ኮር (ራሱን ችሎ የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) ባለው ማሽን ላይ 2,000 ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ ክሮች) ይከፍታል። እያንዳንዱ ትሬድ 10 ሚሊሰከንድ ይተኛል፤ ይነቃና የጋራውን ዳታ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲነካው የሚያደርገውን መቆለፊያ ይዞ «ሥራ መጥቷል?» ብሎ ያያል፤ ከሌለ ተመልሶ ይተኛል። ምንም ሥራ በሌለበት ሌሊት እንኳን የፕሮሰሰሩ አጠቃቀም ከ30 በመቶ አይወርድም። ባልደረባዬ «ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የተኙትን አንድ በአንድ እየዞረ ሰዓታችሁ ደርሷል ወይ እያለ ስለሚጠይቅ ነው» ይላል። እውነት ነው? ሁለተኛ፣ መቆለፊያ ሲለቀቅ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ የሚያገኝ ይመስለኝ ነበር፤ የእኛ ግን መጀመሪያ የመጣው አንዳንዴ መጨረሻ ይሆናል። ወረፋው የት ጠፋ? ቶፕ በሚባለው መከታተያ ትእዛዝ ላይ የሚታየው 16 ጊጋባይትስ ማህደረ ትውስታ ሊያስፈራኝ ይገባል?

ምላሽ፦ ባልደረባዎ ተሳስተዋል፤ ነገር ግን ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። «የተኙ» ሲባል አንድ ሰፊ መኝታ ክፍል ይታየናል፤ ከርነሉም እንደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ባትሪ እያበራ በየአልጋው የሚዞር ይመስለናል። እንዲህ ያለ ክፍል ሊኑክስ ውስጥ የለም። የተኛ ትሬድ የሚገኘው በሚጠብቀው ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ነው፤ ሰዓት የሚጠብቅ በሰዓቱ፣ ዳታ የሚጠብቅ በሶኬቱ (በኔትወርክ መገናኛው)፣ መቆለፊያ የሚጠብቅ በመቆለፊያው አድራሻ። ከርነሉ ሊፈልገው አይሄድም፤ የተጠበቀው ነገር ሲደርስ ተንጠልጥሎ ያገኘዋል። 30 በመቶውን የሚበሉብዎ የተኙት ሳይሆኑ የሚነቁት ናቸው። ሒሳቡን በኋላ አብረን እንሠራዋለን።

በመጀመሪያ ያልተኙትን እንይ። የአዲስ አበባ ታክሲ ተራ አስከባሪ የሚያውቀው ተራ የያዙትን መኪናዎች ብቻ ነው። ጋራዥ የገባው ወይም ሹፌሩ ምሳ የሄደበት መኪና የእሱ ጉዳይ አይደለም፤ ሲመለስ ተራ ይይዛል፣ አለቀ። የሊኑክስ ስኬጁለርም (ኮሮቹን ለትሬዶች የሚያከፋፍለው የከርነል ክፍል) እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዱ ኮር የራሱ ተራ አለው፤ በተራው ውስጥ የሚገኙት ለመሮጥ ዝግጁ የሆኑት ናቸው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲኤፍኤስ የሚባለው የስኬጁለር ስልት፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በከርነል 6.6 እሱን የተካው ኢኢቪዲኤፍ፣ ተራውን ቀይ-ጥቁር በሚባለው ሚዛኑን በሚጠብቅ ዛፍ ይይዙታል። ትሬድ ሲተኛ ከዚያ ዛፍ ይወጣል። (የቅርቦቹ ከርነሎች ለፍትሐዊነት ሒሳብ ሲሉ አንዳንዱን ለጥቂት ቅጽበት ያቆዩታል፤ ለእርስዎ ጉዳይ ግን ለውጥ አያመጣም።) ስለዚህ 2,000ው ተኝተው ሳለ ስኬጁለሩ መኖራቸውን እንኳ አያስታውስም።

ታዲያ ማን ያስታውሳቸዋል? ትሬድዎ «10 ሚሊሰከንድ ልተኛ» ሲል ከናኖስሊፕ ቤተሰብ በአንዱ ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን በሚጠይቅበት ጥሪ) ከርነሉ ውስጥ ይገባል። እዚያ አንዲት ትንሽ ቅጽ ትሞላለች፦ የመንቂያው ቅጽበት ይህ ነው፤ የሚቀሰቀሰው ትሬድ ይህ ነው። የምትጻፈው በትሬዱ በራሱ የከርነል ስታክ (ጊዜያዊ መሥሪያ ማህደረ ትውስታ) ላይ ነው። ባለቤቱ ስለተኛ ስታኩን የሚነካው የለም፤ በመሆኑም ለመተኛት ሲባል አዲስ ማህደረ ትውስታ መጠየቅ አያስፈልግም። ቅጿ በመንቂያ ጊዜ ቅደም ተከተል በተደረደረ የኮሩ የሰዓት ዛፍ ላይ ትሰቀላለች። ይህ የሆነው በ2006 እ.ኤ.አ. ከርነል 2.6.16 ከፍተኛ ጥራት ያላቸውን ታይመሮች ሲቀበል ነው።

ከርነሉ ከሁሉ ቀዳሚዋን ቅጽ ለይቶ ይይዛል፤ የኮሩንም የሃርድዌር ሰዓት ለዚያች ቅጽበት ይሞላዋል። ከዚያ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ቅጽበቱ ሲደርስ ሃርድዌሩ ኢንተራፕት ያደርጋል (ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ ያቋርጠዋል)፤ ከርነሉ ከዛፉ ግራ ጫፍ ጀምሮ ጊዜያቸው የደረሰውን ያነሳል፤ ጊዜዋ ያልደረሰ አንዲት ሲያጋጥመው ያቆማል። ከእሷ በስተቀኝ አንድ ሺህ ይሁኑ አንድ ሚሊዮን ዞሮ አያያቸውም። አዲስ ቅጽ ለመስቀል ደግሞ 2,000 ባሉበት ዛፍ 11 ገደማ ንጽጽር ይበቃል፤ ሚሊዮን ቢሆኑ 20 ገደማ። ሌሊቱን ሙሉ የሚዞር ተቆጣጣሪ ይህ አይደለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። «10 ሚሊሰከንድ» ማለት «ከ10 በታች አይሆንም» ማለት እንጂ ልክ 10 ማለት አይደለም። ለተራ ትሬዶች ከርነሉ 50 ማይክሮሰከንድ ያህል መዘግየት ይፈቅዳል፤ የተቀራረቡትን በአንድ ኢንተራፕት ለመቀስቀስ ይጠቅመዋል። በተጨማሪም መንቃት ማለት ተራ መያዝ ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ማግኘት ገና ነው። ሌላው፣ ሁሉም ሰዓት በዛፍ አይያዝም። እንደ ኔትወርክ የጊዜ ገደብ ያሉት፣ አብዛኞቹ ሳይደርሱ የሚሰረዙት፣ ጆርጅ ቫርጊስና ቶኒ ላውክ በ1987 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት የታይመር ጎማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ለማስገባትም ለመሰረዝም ርካሽ ነው፣ ዋጋው ትክክለኛነት ነው።

ለባልደረባዎ ግን አንድ ምስክር አለኝ። የጥንቱ ዩኒክስ «ቀስቅስ» ሲባል የፕሮሰሶቹን (በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች) ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች እየቃኘ «ይህን ነገር የምትጠብቅ ነህ?» ይል ነበር። የኤምአይቲ ተማሪዎች የሚማሩበት ኤክስቪ6 የተባለ ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዛሬም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሰንጠረዡ 64 ፕሮሰስ ብቻ ስለሚይዝ ማንንም አይጎዳም። እዚያም ቢሆን ቅኝቱ የሚደረገው ቀስቃሽ ሲመጣ ነው። ሰንጠረዡ ሲያድግ ዋጋው ስለሚከብድ ዘመናዊ ከርነሎች ለየሚጠበቀው ነገር የየራሱን ወረፋ ሰጡት። በሊኑክስ አንድ ፓይፕ (በፕሮሰሶች መካከል ዳታ የሚያስተላልፍ ቧንቧ) ወይም አንድ ሶኬት የራሱ የመጠበቂያ ወረፋ አለው፤ ወረፋውም አንድ ስፒንሎክ (ሳይተኙ እየተሽከረከሩ የሚጠብቁት መቆለፊያ) እና አንድ ዝርዝር ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም።

ከዚህ ጉዳይ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ቦታ አሁን ነው የሚመጣው። «ዳታ እስኪመጣ ልተኛ» ማለት ሁለት ድርጊት ነው፤ ማየትና መተኛት። በሁለቱ መካከል ክፍተት አለ። ትሬዱ አየ፤ ዳታ የለም። ሊተኛ ሲል፣ ገና ሳይተኛ፣ በሌላ ኮር ላይ ዳታው ደረሰ። ቀስቃሹ ወረፋውን ተመለከተ፤ ማንም የለም፤ ሄደ። ትሬዱ አሁን ተኛ። ዳታው ከፊቱ ተቀምጦ እሱ ለዘላለም ያንቀላፋል። በዓመት አንዴ፣ ያውም በበዓል ዋዜማ ብቻ የሚከሰተውን «ፕሮግራሙ ቀጥ አለ» የሚል አቤቱታ ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ሌሊት የሚያልፍ አውቶቡስ የሚጠብቅ መንገደኛ መጀመሪያ ለጎረቤቱ «ሲመጣ ቀስቅሰኝ» ይላል፤ ከዚያ በመስኮት አንዴ ያያል፤ ከዚያ ጋደም ይላል። መስኮቱን ቀድሞ ካየ፣ ለጎረቤቱ ሲናገር አውቶቡሱ ሊያመልጠው ይችላል። ከርነሉም እንዲህ ያደርጋል። ትሬዱ መጀመሪያ ስሙን ወረፋው ላይ ያሰፍራል። ቀጥሎ ገና እየሮጠ ሳለ ሁኔታውን «የተኛ» ብሎ ይለውጣል። ከዚያ በኋላ ነው ዳታ መኖሩን የሚያየው። ከሌለ ፕሮሰሰሩን ለስኬጁለሩ ይለቃል። ቀስቃሽ በመሃል ቢደርስ ስሙን ያገኛል፤ ሁኔታውንም ወደ «ሯጭ» ይመልሰዋል። ትሬዱ «ለቅቄአለሁ» ብሎ ስኬጁለሩ ዘንድ ሲደርስ፣ ስኬጁለሩ ሁኔታውን አይቶ ከተራው አያስወጣውም። እንቅልፉ ሳይጀመር ተሰረዘ። ኮሮች የማህደረ ትውስታ ንባብና ጽሑፍን ቅደም ተከተል ስለሚያዛቡ፣ ሁኔታውን በመለወጥና ዳታውን በማየት መካከል የማህደረ ትውስታ ማገጃ ይደረጋል። ያ ማገጃ ቢነሳ ጎረቤት ያልሰማው መልእክት ይሆናል።

አሁን ወደ መቆለፊያው። ተጠቃሚ ፕሮግራም የሚይዘው መቆለፊያ፣ ሙቴክስ የሚባለው፣ በሊኑክስ ላይ የሚቆመው ፊውቴክስ በሚባል የከርነል አገልግሎት ነው። ሁበርተስ ፍራንክ፣ ረስቲ ራስልና ማቲው ከርክዉድ በ2002 እ.ኤ.አ. በኦታዋ የሊኑክስ ሲምፖዚየም ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ሙቴክሱ በእርስዎ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ነው፦ 0 ነጻ፣ 1 የተያዘ፣ 2 የተያዘና ምናልባት ጠባቂ ያለው። ነጻ ከሆነ ትሬዱ በአንድ፣ መሃል ላይ ማንም ሊገባበት በማይችል የፕሮሰሰር ትእዛዝ 0ን ወደ 1 ይለውጣል፤ ከርነሉ ምንም አይሰማም። የሚሰማው ቁጥሩ ነጻ ሆኖ ካልተገኘ ነው። ያኔ ትሬዱ 2 ብሎ ይጽፍና «በዚህ አድራሻ 2 እስካለ ድረስ አስተኛኝ» ብሎ ይጠይቃል።

«2 እስካለ ድረስ» የምትለውን ልብ ይበሉ፤ ያው የመንገደኛው መስኮት ናት። ከርነሉ አድራሻውን በሀሽ (አድራሻን ወደ አጭር ቁጥር በሚለውጥ ስሌት) ወደ አንድ ሳጥን ይመራዋል፤ የሳጥኑን ስፒንሎክ ይይዛል፤ ቁጥሩን እንደገና ያነባል። ተለውጦ ከሆነ «ተመልሰህ ሞክር» ብሎ ይመልሰዋል፤ ካልተለወጠ በሳጥኑ ዝርዝር ያስገባዋል። ሁሉም ፕሮሰሶች በሚጋሩት ሰንጠረዥ የሳጥኖቹ ብዛት ለአንድ ኮር 256 ሆኖ ይሰላል፤ በእርስዎ ማሽን 1,024 ገደማ ማለት ነው። የተለያዩ መቆለፊያዎች ጠባቂዎች በአንድ ሳጥን ሊገናኙ ይችላሉ፤ ቀስቃሹ አድራሻ እያመሳከረ የራሱን ይለያል። ሁሉም ጠባቂ ከሄደ ከርነሉ ውስጥ የመቆለፊያው አሻራ አይቀርም። ሚሊዮን ሙቴክስ ቢኖርዎትም ከርነሉ የሚያውቀው ሰው የቆመባቸውን ብቻ ነው።

ወረፋው አልጠፋም እንግዲህ። በዝርዝሩ የእውነተኛ ጊዜ ቅድሚያ (ለመዘግየት ለማይችሉ ሥራዎች የሚሰጠው) ያላቸው ከፊት ይቆማሉ፤ ተራ ትሬዶች በአመጣጣቸው ይሰለፋሉ፤ ፊተኛውም ቀድሞ ይቀሰቀሳል። እርስዎን ያሳሳተዎት ግን መቀስቀስና መያዝ አንድ መስለው መታየታቸው ነው። መቆለፊያውን የሚለቀው ትሬድ መጀመሪያ 0 ይጽፋል፤ ከዚያ ፊተኛውን ይቀሰቅሳል። የተቀሰቀሰው ተራ ይይዛል፣ ኮር ያገኛል፣ ይሮጣል፤ እስከዚያ ጥቂት ማይክሮሰከንዶች ያልፋሉ። በዚያ መሃል በሌላ ኮር እየሮጠ የነበረ፣ ጨርሶ ያልተሰለፈ ትሬድ ይመጣና 0ን አይቶ ይወስደዋል።

በባንክ ቁጥር ወስደው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ቁጥርዎ ተጠራ። ተነስተው መስኮቱ ጋ እስኪደርሱ አንዱ ከበር ገብቶ «አንዲት ጥያቄ ብቻ» ብሎ ቆመ። ይህ ለሁላችንም የታወቀ ነው፤ የፊውቴክስ የሚብሰው ግን ቁጥርዎ አንዴ ስለተጠራ መቃጠሉ ነው፤ እንደገና ቁጥር ወስደው ከመጨረሻ ይሰለፋሉ። መጀመሪያ የመጣው መጨረሻ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ለምን እንዲህ ተደረገ? መቆለፊያውን በቀጥታ ለፊተኛው ማስረከብ ይቻላል፤ ፍትሕም አለው። ነገር ግን መቆለፊያው ለ1 ማይክሮሰከንድ ብቻ የሚያዝ፣ መንቃቱ ደግሞ 5 የሚፈጅ እንበል። በርክክብ ከስድስት ማይክሮሰከንድ አምስቱን መቆለፊያው ባለቤት ኖሮት ማንም ሳይሠራበት ያልፋል። ሁሉም በእንቅልፍ ይሰለፋል፤ ኮሮቹ ሥራ ይፈታሉ። እኔ በአብዛኛው ጥሎ ማለፉን እመርጣለሁ። የከርነሉ የውስጥ ሙቴክስ መካከለኛ መንገድ ይዟል፦ ባለቤቱ በሌላ ኮር እየሮጠ ከሆነ ጠባቂው ሳይተኛ ለጥቂት ጊዜ እየተሽከረከረ ይጠብቃል፤ ነቅቶ የተቀደመ ፊተኛ ደግሞ ምልክት ይተዋል፤ ቀጣዩ ለቃቂም ለእሱ በእጁ ያስረክበዋል። የእርስዎ ፕሮግራም እውነተኛ ቅደም ተከተል ካስፈለገው በራስዎ ኮድ የተራ ቁጥር ይስጡ፤ ከሙቴክስ አይጠብቁት።

ቅድሚያ ያለው ትሬድ ቅድሚያ በሌለው ሲታገት ወረፋን በቅድሚያ መደርደር ብቻውን አይበቃም። ጁላይ 4 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ መንኮራኩር ፓዝፋይንደር በዚህ ምክንያት ደጋግማ ራሷን ታስነሳ ነበር። የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ሥራ መቆለፊያ እንደያዘ መካከለኛዎቹ ሥራዎች ፕሮሰሰሩን ይወስዱበታል፤ ከፍተኛው ሥራ መቆለፊያውን ጠብቆ ይቆማል፤ በሰዓቱ አለመጨረሱን ያየው ተቆጣጣሪ ማሽኑን ያስነሳል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሟ ቪኤክስወርክስ የቅድሚያ ውርስ ነበረው፤ ለዚያ መቆለፊያ ግን አልተከፈተም ነበር። ከምድር ከፈቱት። በሊኑክስ አርቲ ሙቴክስ የሚባለው ይህንኑ ያደርጋል፦ ጠባቂዎቹን በቅድሚያ በዛፍ ይደረድራል፣ የፊተኛውንም ቅድሚያ ለባለቤቱ ያውሰዋል።

ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከሌላው፣ ከሶላሪስ፣ የወረሰውን አንድ ዘዴ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እያንዳንዱ ትሬድ ሲወለድ የራሱን ባዶ ወረፋ ይዞ ይወለዳል። መቆለፊያ ላይ መጀመሪያ የታገደው ወረፋውን ለመቆለፊያው ያውሳል፤ ተከትለው የመጡት የየራሳቸውን በመጠባበቂያ ያስቀምጣሉ፤ ሲነቁ እያንዳንዱ አንድ ይዞ ይሄዳል፤ የራሱ ላይሆን ይችላል። ድግስ ላይ ወንበር ይዞ እንደመጣ እንግዳ ነው፤ የእንግዳው ብዛት ምንም ቢሆን ወንበር አይጎድልም።

ስለ እንቅልፍ ዓይነቶች በአጭሩ። የእርስዎ ትሬዶች ፕሮሰሶችን በሚዘረዝረው በፒኤስ ትእዛዝ ላይ «ኤስ» ተብለው ይታያሉ፤ ሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ ማሳወቂያ) ይቀሰቅሳቸዋል። «ዲ» የሚባለው እንቅልፍ ግን፣ ለምሳሌ ዲስክ የሚጠብቀው፣ ሲግናል አይሰማም። ሊኑክስ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህን በሎድ አቨሬጅ (የማሽኑን ጫና በሚያሳየው አማካይ ቁጥር) ውስጥ ይቆጥራቸዋል። አንድ ቢሮ ሳለሁ ሎድ አቨሬጅ 90 ደርሶ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ነበር። ግማሽ ቀን ፕሮሰሰር የሚበላ ፕሮግራም ስንፈልግ ዋልን፤ ኋላ እንደታየው በኔትወርክ ፋይል የሚያጋራው ሰርቨር ሞቶ፣ 90 ፕሮሰሶች እሱን እየጠበቁ በዲ ተኝተው ነበር። የእርስዎ 2,000 ኤስ ተኝተው ሳሉ በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም።

16 ጊጋባይትስ አያስፈራም። ለየትሬዱ 8 ሜጋባይት የስታክ አድራሻ ስለሚያዝ 2,000 ሲባዛ ያን ይሆናል፤ የተነካው ገጽ (የማህደረ ትውስታ ቁራጭ) ብቻ ነው እውነተኛ ማህደረ ትውስታ የሚይዘው። በትክክል የሚያዘው ለየትሬዱ 16 ኪሎባይት የከርነል ስታክ ነው፤ በድምሩ 32 ሜጋባይት ገደማ።

ወደ 30 በመቶው እንመለስ። ትሬዱ በ10 ሚሊሰከንድ አንዴ ቢነቃ በሰከንድ 100 ጊዜ ነው፤ 2,000ው በሰከንድ 200,000 ጊዜ ይነቃሉ፤ ለአንድ ኮር 50,000። የኮሩ 30 በመቶ በሰከንድ 300 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ለአንድ መንቃት 6 ማይክሮሰከንድ ይደርሳል። ኢንተራፕት፣ መቀስቀስ፣ የትሬድ ለውጥ፣ መቆለፊያ መሻማት፣ ተመልሶ መተኛት፤ ለእነዚህ ሁሉ 6 ማይክሮሰከንድ የሚያስገርም አይደለም። ባልደረባዎ ያሰቡት ተቆጣጣሪ አለ እንግዲህ፤ ከርነሉ ውስጥ ሳይሆን በእርስዎ ኮድ ውስጥ ነው።

ትሬዶቹን ከሰዓት አውርደው በሥራው ላይ ይስቀሏቸው። ሥራ በሚጠራቀምበት ዝርዝር ላይ ከሙቴክሱ ጎን አንድ ኮንዲሽን ቫሪያብል («ሁኔታው እስኪሟላ ልተኛ» የሚባልበት መጠበቂያ) ያድርጉ፤ ሠራተኞቹ እሱ ላይ ይተኙ፤ ሥራ ያስገባው አንዱን ብቻ ይቀስቅስ። ሁሉንም የሚቀሰቅሰውን ጥሪ ከተጠቀሙ ለአንድ ሥራ 2,000ው ተነስተው 1,999ኙ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። የነቃው ትሬድ «ሥራ አለ?» የሚለውን በዑደት ደጋግሞ ይጠይቅ፤ በባንኩ መስኮት እንዳየነው እስኪደርስ ሌላ ወስዶት ሊሆን ይችላል፤ ያለ ምክንያት መንቃትም ይፈቀዳል። አራት ኮር ላይ 2,000 ሠራተኛ ለምን እንዳስፈለገም ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ሥራው በብዛት ኔትወርክ የሚጠብቅ ካልሆነ ጥቂት ደርዘን ይበቃል።

ለውጡን ለማረጋገጥ በፕሮክ ማውጫ ስር የአንዱን ትሬድ ደብሊውቻን ፋይል ይክፈቱ፤ የተኛበትን የከርነል ፈንክሽን ስም ይነግርዎታል። አሁን ናኖስሊፕ የሚል ስም ያገኛሉ፤ ከለውጡ በኋላ ፊውቴክስ የሚል መሆን አለበት። እዚያው ስታተስ ከሚባለው ፋይል በፈቃደኝነት የተደረጉ የትሬድ ለውጦችን ቁጥር ማታ ይመዝግቡ። ዛሬ በሰከንድ 100 ገደማ ይጨምራል። ከለውጡ በኋላ ሥራ ባልነበረበት ሌሊት ማግስት ያው ቁጥር መሆን አለበት።